የሦስት ቀን ነፋስ

አናፊ ደሴት፣ ግንቦት 12 ቀን 1988 (እ.ኤ.አ.)

ይድረስ ለፎቲኒ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ? ልጆቹስ? እኔ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ከመንቋቋቱ በቀር ደህና ነኝ። እስካሁን በዚህ ወደብ ትኬት የምሸጠውም እኔ፣ መርከብ ሲመጣ ገመድ የምይዘውም እኔ ነኝ። ሌላ ሞኝ አላገኙም።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለኒኪታስ፣ አንዴ ደግሞ ኒኪታስ ያልሰማ መስሎ ጀርባውን ስላዞረ። ወንድሜን ታውቂዋለሽ። ከተፋታችሁ ሦስት ዓመት ሞላችሁ፤ ስምሽ ሲነሳ ግን ዛሬም መዶሻውን ያነሳል። ያን ቀን ምንም ያልሆነ ወንበር ሲጠግን ዋለ።

ለጠየቅሽው መልሱ አዎ ነው፤ ተስማምቷል። እንደ አምናው ዛምቤታ ሐምሌን እዚህ ታሳልፋለች፣ ዲያማንዶ ነሐሴን። አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ትሄዳለች፤ የሁለታችሁም ቤት ባዶ አይሆንም። ይህን ውል ያረቀቀላችሁ ጠበቃ አባቱ የፈረቃ ዘበኛ ሳይሆን አይቀርም።

አትቆጪ፣ አመሌ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። አምና አንቺ ከመርከቡ ሳትወርጂ ልጆቹን ስትቀያይሪ እኔ ከታች ገመድ ይዤ ነበር። ሁለቱ የመርከቡ መሰላል መሀል ላይ ተገናኙ። ዛምቤታ የመዋኛ መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ለታናሿ አጠለቀችላት። «ከትልቁ ድንጋይ ሥር ኦክቶፐስ አለ። ስሙ ሚኒስትሩ ነው። እንዳትነኪው» አለቻት። የበጋው ወሬያቸው ይኸው ነበር፤ አለቀ። እኔ ገመዱ የተተበተበብኝ መስዬ ትንሽ ብቆይ ካፒቴኑ «አንተ ሽማግሌ፣ ገመድ ነው የያዝከው ወይስ ሹራብ እየሠራህ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ዘንድሮ አንድ ሳምንት እንኳ አብረው ቢቆዩስ? አስቢበት። መልስሽን እጠብቃለሁ።

ያኩሚስ

*

ላሚያ፣ ሰኔ 2 ቀን 1988

ለተከበሩ ባርባ ያኩሚስ፣

«ባርባ» የምልዎት ልጆቹ አጎታቸውን እንደሚጠሩት ነው፤ ከፍቺ በኋላ የባል ወንድም ምን ተብሎ እንደሚጠራ የነገረኝ የለም። ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ አንድ ሳምንቱ፣ አይሆንም። ክፋት አይደለም፣ ባርባ። በመጀመሪያው በጋ ሁለቱንም አንድ ላይ ልኬያቸው አልነበር? ያኔ ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስሄድ ሬዲዮውን ከፍቼ እሄድ ነበር። ማታ ስመለስ ከበሩ ውጭ ሆኜ የሰው ድምፅ ለመስማት። እናቴ ታች ቤት ብትኖርም እሷም ዝምተኛ ናት። ያን በጋ መድገም አልችልም። ወንድምዎም የሚችል አይመስለኝም፣ አይናገርም እንጂ።

ዘንድሮ እኔ ራሴ ይዣቸው መምጣት አልችልም። ፈቃድ አላገኘሁም። የደሴቱ አዋላጅ ማሩሎ ልጇን ለማየት ወደ ፒሬያስ ወደብ ስለምትመላለስ እሷ ታደርስልኛለች፤ ተነጋግረናል።

እናቴን ስለጠየቁልኝ አመሰግናለሁ። ደህና ናት። ትንሽ ደክሟታል፤ ሙቀቱ ነው። ሰላም ብላዎታለች።

ፎቲኒ

*

አናፊ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1988

ይድረስ ለፎቲኒ፣

ዛምቤታ እሑድ በሰላም ገብታለች። ይህችን ልጅ ምን እየመገብሻት ነው? አምና ክርኔ ጋ ነበረች፤ ዘንድሮ ትከሻዬ ላይ ደርሳ ታዘኛለች። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ ከኋላዬ ቆማ «ባርባ፣ ነጥብህ የት አለ?» ትለኛለች። «ትንፋሽ ሲያጥረኝ ነው የማስቀምጠው» አልኳት። ፊደል የለየሁት ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ እንደሆነና ነጥቦቹን ሁሉ ዘይት እንዳጠፋቸው ነገርኳት። አመነችኝ መሰለኝ።

ላልጠየቅሽኝ ግን ለምትፈልጊው ጥያቄ ደግሞ፦ ኒኪታስ ደህና ነው። ከልጁ ጋር ሆነው የግቢውን አጥር እየካቡ ነው። ድንጋዩን የምትመርጠው እሷ ናት፤ እሱ ያስቀምጣል፣ እሷ ታስነሳዋለች። ትናንት ሲስቅ ሰማሁት። አህያዋ ሳትቀር ዞር ብላ አየችው።

ስለ እናትሽ ዛምቤታን ጠየቅኳት። «አያቴ አልጋ ላይ ሆና ነው የተሰናበተችኝ» አለችኝ። ማለዳ ስለነበር ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በየቀኑ ምሳ ላይ «ዲያማንዶ ልትመጣ ስንት ቀን ቀራት?» ትላለች። ስትመጣ እሷ እንደምትሄድ ጠፍቷት አይደለም። ያን አንድ ሳምንት እንደገና አስቢበት።

ያኩሚስ

*

ላሚያ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1988

ባርባ ያኩሚስ፣

ስለ ሳምንቱ ደግመው አይጠይቁኝ፤ እለምንዎታለሁ።

ዲያማንዶ ሐሙስ ሐምሌ 28 ከማሩሎ ጋር ትመጣለች። ዛምቤታ በዚያው መርከብ መመለስ አለባት። የመርከቧ አስተናጋጅ ኮንዱላ ታውቀኛለች፤ ለሷ ይስጧት፣ ፒሬያስ ላይ እቀበላታለሁ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አላት፤ ሊያልፋት አይገባም። በዚያው መርከብ፣ ባርባ። አደራ። በሌላ ነገር አስቸግሬዎት አላውቅም።

እናቴ ደህና ናት። «ትልቋ መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች፣ መልሳ መላልሳ። አርጅታ የለ፤ አንድ ነገር ትደጋግማለች።

ፎቲኒ

*

ቴሌግራም። ከአናፊ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1988

ዲያማንዶ በሰላም ገባች። ነፋስ በርትቶ መርከቡ ዛምቤታን ሳይጭን ለቀቀ። በእሑዱ ትመጣለች። አታስቢ። ያኩሚስ።

*

አናፊ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1988

ይድረስ ለፎቲኒ፣

ይህን ዛምቤታ ራሷ ታመጣልሻለች። መቼም ተቆጥተሻል። ነፋስን ግን ማን ይከሰዋል? ደግሞ የልጅቷን ጥርስ እኔ አይቼዋለሁ፤ የፍየል ጥርስ ነው። ሐኪሙ ሦስት ቀን ቢጠብቅ አይሞትም።

ሁለቱን ብታያቸው! ነፋስ በማይደርስበት በኩል ሲዋኙ ይውላሉ። መነጽሩ አንድ ስለሆነ በተራ ነው። አንዷ ፊቷን ውኃ ውስጥ ትነክራለች፤ ሌላዋ ድንጋዩ ላይ ሆና ትጮሃለች።

«ምን ታያለሽ?»

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው!»

«ሚኒስትሩ አለ?»

«ስብሰባ ላይ ነው!»

እዚህ ተቀምጬ እየሰማኋቸው ነው። ኒኪታስም አጥሩን ትቶ እየሰማ ነው። ነጥብ አስቀምጫለሁ፤ ትንፋሽ ስላጠረኝ አይደለም።

ያኩሚስ

*

ላሚያ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1988

ባርባ ያኩሚስ፣

ዛምቤታ ሰኞ ጠዋት በሰላም ደርሳለች። ደብዳቤዎን ሰጥታኛለች። መልስ ያዘገየሁት እናቴ ስላረፈች ነው።

ቅዳሜ ሐምሌ 30 ነው ያረፈችው፣ አመሻሹ ላይ። እሑድ ከሰዓት ስንቀብራት ዛምቤታ ገና ባሕር ላይ ነበረች።

የጥርስ ሐኪም አልነበረም። ከፋሲካ ጀምሮ ሐኪሞቹ እንደማትድን ነግረውን ነበር። ትንሿ እንዳታይ ወደ እናንተ ላክኋት። ትልቋን ግን እናቴ ፈለገቻት። እኔ ፋብሪካ ስውል ያሳደገቻት እሷ ናት፤ «ስሟ የአባቷ እናት ስም ነው፣ አመሏ ግን የኔ» ትላት ነበር። ለእርስዎ ያልነገርኩዎት ኒኪታስ እንዳይሰማ ነው። ሰምቶ ዝም ካለ በምን አንጀቴ ይቅር እለዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ አውቶቡስ በደጅ ባለፈ ቁጥር «ትልቋ ገባች?» ትለኛለች። «ነፋስ ነው፣ እማዬ» እላታለሁ። ቅዳሜ ቀትር ላይ «ነፋስ ከሆነ ምን ይደረጋል። ባሕር ላይ እንዳያወጧት» አለች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

ለዲያማንዶ ምንም አይንገሯት። ወሯን በሰላም ትጨርስ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ዛምቤታ አታለቅስም፤ አትበላምም። የምትናገረው ስለ ነፋሱ ብቻ ነው። ትናንት እራት ላይ ማንም ሳይጠይቃት «ነፋሱ እኮ ወደቡ ላይ ዛፍ ነቅሏል» አለች። ወደቡ ላይ ዛፍ የለም፣ ባርባ። ስድስት ዓመት ኖሬበታለሁ።

ገመዱን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ሐሙስ ዕለት ባሕሩ እንዴት ነበር?

ፎቲኒ

*

አናፊ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1988

ፎቲኒ፣

ነፍሳቸውን ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።

ባሕሩ ዘይት ነበር። ነፋስ አልነበረም።

እንዲህ ነው የሆነው። መርከቡ ቆመ፣ ማሩሎና ዲያማንዶ ወረዱ። ዛምቤታ ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ታናሿን አቅፋ ሳመቻትና እንደ አምናው መነጽሩን ከአንገቷ ማውለቅ ጀመረች። ያን ጊዜ እጄ ገመዱን ለቀቀው። ለካፒቴኑ «የሚሳፈር የለም፣ ሂድ!» አልኩት። ሐሙስ ብዙ ደሴት ስለሚያዳርስ ቸኩሎ ነበር፤ ሄደ።

«ባርባ፣ መርከቡ እየሄደ ነው» አለችኝ።

«ነፋስ ነው» አልኳት።

ፀጉሯ እንኳ አልተነቃነቀም። አየችኝ፤ ከዚያ ገባት። «ኡ! እንዴት ያለ ነፋስ ነው!» ብላ ቀሚሷን በሁለት እጇ ያዘች። ዲያማንዶም ባርኔጣዋን ያዘች። ሦስታችን ልንወድቅ እየተንገዳገድን፣ እየሳቅን፣ በዚያ ፀጥ ባለ ቀትር ዳገቱን ወጣን።

ይኸው ነው። ጥርሱ ውሸት እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። እናት ናት፣ ልጇ ናፍቃት ሰበብ ፈጠረች ብዬ በልቤ ሳቅሁብሽ። ልጅቷ «አያቴ አልጋ ላይ ሆና ተሰናበተችኝ» ስትለኝ ምን ጆሮ ነበረኝ? «አደራ» ብለሽ ጽፈሽልኝ አልነበር? በሕይወቴ ብዙ ሰው አሞኝቻለሁ። ለቄሱ አህያ ኮፍያ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ያውቃል። ሁልጊዜ መጨረሻው ሳቅ ስለነበር ሁልጊዜ እንደዚያ የሚያልቅ መሰለኝ።

ልጅቷ የምትዋሽሽ ለኔ ብላ ነው። አብራኝ ስለሳቀች ጥፋቱ የሷም መስሏታል። ይህን ደብዳቤ አንብቢላት። መርከቡን የሰደደው አንድ ሽማግሌ ነው፤ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ነበር። ይህን ትወቅልኝ።

ኒኪታስ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ላይኛው ሰፈር፣ ባሕሩ በማይታይበት፣ ግንብ ሲሠራ ነበር፤ ነፋስ ነው ያልኩትን አመነኝ። አሁን ነግሬዋለሁ። ስለፈራሽው ነገር ልንገርሽ፤ ዝም አላለም። መዶሻውንም አላነሳም። ተቀመጠና «ሁልጊዜ የዳቦውን ጫፍ ለኔ ታስቀምጥልኝ ነበር» ብሎ አለቀሰ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ምን ብዬ?

ያኩሚስ

*

ላሚያ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1988

ደብዳቤዎን ለዛምቤታ አነበብኩላት። ቀሚሷን የያዘችበት ጋ ስደርስ ተነስታ ወጣች። ማታ አለቀሰች። ለዚህ ለዚህ አመሰግናለሁ።

ዲያማንዶን ሐሙስ መስከረም 1 ከማሩሎ ጋር ይላኩልኝ። አያቷን እኔ እነግራታለሁ።

ለሚቀጥለው በጋ ምንም አያቅዱ። አይጻፉልኝ።

ፎቲኒ

*

አናፊ፣ ኅዳር 20 ቀን 1988

ፎቲኒ፣

«አይጻፉልኝ» ብለሽ ነበር፤ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ካልከፈትሽው ቅር አይለኝም።

በእናትሽ አርባ ቀን የመታሰቢያ ስንዴ ቀቅዬ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩ። ቄሱ «ለማን ነው?» ሲሉኝ «ለዲያማንዶ» አልኩ። ትንሿ መስላቸው ክው አሉ። ለአያትየዋ ነው አልኳቸው፤ ሁለቴ ብቻ ያየኋት፣ ሳታውቅ የበደልኳት ሴት ናት አልኳቸው።

መርከብ ሲመጣ መቀለድ ትቻለሁ። ካፒቴኑ «አመመህ እንዴ? ስደበኝ እንጂ!» ይለኛል። ገመዱን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ።

ኒኪታስ ሊጽፍልሽ አራት ወረቀት ቀደደ። አምስተኛውን ደበቅኩበት፤ «ውድ ፎቲኒ» ይልና ያበቃል። አጥሩን ጨርሶታል። አንድ ድንጋይ ብቻ ጎድሏል፤ የምትመርጠው እሷ ናት ይላል።

መነጽሩ እዚህ ቀርቷል። ላስቲኩ ጠጥሮ እንዳይሰነጠቅ ዘይት ቀብቼዋለሁ።

ያኩሚስ

*

ላሚያ፣ ግንቦት 16 ቀን 1989

ባርባ ያኩሚስ፣

ሰባቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ከፍቻቸዋለሁ። አለመመለሴ ላለማንበቤ ምልክት አይሁንብዎት።

ዛምቤታ ክረምቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት መጥታ በቀጥታ አያቷ ክፍል ትገባለች። ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኳትም። ባለፈው ሳምንት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሁለቱም ልጆች አልጋው ላይ ናቸው። ዛምቤታ በሆዷ ተኝታ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራለች፤ ዲያማንዶ ከአናቷ ተቀምጣለች።

«ምን ታያለሽ?»

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው።»

«አያቴ አለች?»

ዛምቤታ ፊቷን ይበልጥ ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ከዚያ «አለች። ድስት እያጠበች ነው» አለች። ሁለቱም ሳቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያንን ሳቅ አልሰማሁም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እንግዲህ ዘንድሮ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፣ ሐሙስ ሐምሌ 6። ነሐሴን ሁለቱም እኔ ጋ ናቸው። ቤቴ ባዶ የሚሆንበትን ወር እንደምንም እወጣዋለሁ፤ ሬዲዮ አለኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ ማለቴ አይደለም። እነሱ አይለያዩ ማለቴ ብቻ ነው።

ልጆቹ ሐሙስ ሐምሌ 27 መርከቡ ላይ ይሁኑ። እሑድ 30 የእናቴ ሙት ዓመት ነው። ስንዴውን ዛምቤታ ራሷ ተሸክማ መግባት ትፈልጋለች፤ ዓመቱን ሙሉ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ባለፈው «አደራ» ብዬ ነበር።

ለኒኪታስ አምስተኛውን ወረቀት ይመልሱለት።

ፎቲኒ

*

ቴሌግራም። ከአናፊ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1989

ነፋስ። የእውነት። መርከቡ ከሳንቶሪኒ አልወጣም። የእሑዱም አይመጣም ይላሉ። ምስክሮች፦ የወደቡ ፖሊስ፣ ቄሱ፣ ማሩሎ። ፎቲኒ እኔም እመሰክራለሁ፣ ኒኪታስ። ያኩሚስ።

*

ቴሌግራም። ከላሚያ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1989

ሬዲዮ ሳልከፍት አምኛለሁ። ባሕር ላይ እንዳታወጧቸው። ፎቲኒ።

*

አናፊ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1989

ይድረስ ለፎቲኒ፣

ልጆቹ ደህና ናቸው። ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚወጣ አላውቅም፤ ነፋሱ አራተኛ ቀኑ ነው። የወደቡን ፖሊስ ቆብ ሐሙስ ነጥቆ ወስዶበታል፤ እስካሁን ግብፅ ደርሷል ብለን እናስባለን።

ቴሌግራምሽን ሁለቱ ሴት ልጆችሽ ባሉበት አነበብኩት። የመጨረሻዎቹን ቃላት ሳነብ ዛምቤታ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው። አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ዛሬ ጠዋት ስንዴውን እዚህ ቀቀልን። ኒኪታስ ለውዙን ፈለፈለ፣ ዲያማንዶ በስኳር የአያቷን ስም ጻፈችበት፤ የራሷም ስም ስለሆነ በደንብ ትጽፈዋለች። ዛምቤታ ትሪውን ተሸክማ ወጣች። ዳገቱ ላይ ነፋሱ ሊጥላት ነበር። ላግዛት እጄን ስዘረጋ «አትንካኝ፣ ባርባ» አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም። ከላይ እስክትደርስ ከኋላዋ ሄድኩ፤ አንዲት ፍሬ አልወደቀባትም።

ከቅዳሴ በኋላ ጠፋችብን። ወደቡ ላይ አገኘኋት፤ ገመድ በምይዝበት ቦታ ቆማለች። ማዕበሉ ከግንቡ በላይ እየዘለለ ነው። ፀጉሯ ፊቷን ሸፍኖታል፣ ቀሚሷ እየተማታ ነው፤ በእጇ ግን አልያዘችውም። አጠገቧ ቆምኩ። የምለው ቀልድ አላገኘሁም። አለማግኘቴ ደግሞ ደግ ሆነ።

ሳታየኝ እንዲህ አለችኝ።

«ባርባ፣ ይሄ ነፋስ አምና ቢመጣ ምን ነበረበት?»

 ነፋሱ ሲበርድ ሁለቱንም በእጄ መርከቡ ላይ አወጣቸዋለሁ።

ያኩሚስ